ከኋላ የተነሱ ፎቶዎች

የተለማማጅ ፎቶ ጋዜጠኛ የመጀመሪያ ሳምንት ሥራ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወዲያው ያስታውቃል። የሚበዛው ጀርባ ነው። ከኋላ የተነሳ ነጋዴ፣ ከኋላ የተነሳ ተሸካሚ፣ ዘንቢል አንጠልጥላ ስትሄድ ከኋላ የተነሳች እናት። ፊት ከታየም በረጅም ሌንስ ከአስፋልቱ ማዶ ተስቦ የመጣ ነው። ለምን እንዲህ እንዳነሱ ስጠይቃቸው «ሰው ሳያውቅ ሲነሳ ተፈጥሯዊ ይሆናል» ይሉኛል። ይህን መልስ አልቀበለውም። ተማሪው እንዲያ ያነሳው ከሰው ዓይን ጋር ላለመጋጠም ነው። እሱም ያውቀዋል፤ ማታ ፎቶዎቹን ብቻውን ሲያያቸው ይከፋዋል።

ከጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍሎች ለተግባር ልምምድ የሚላኩልንን ተማሪዎች ይዤ የምወጣው ወደ ኮልፌ ቀራንዮ ነው። ስለ ካሜራ በክፍል የተማሩት ጥቂት አይደለም፤ ብርሃን ያውቃሉ፣ ፍሬም ያውቃሉ። የሚቸግራቸው የማያውቁትን ሰው ቀርበው «ላንሳዎት?» ማለት ነው። ይህን የሚችል ሰው ከነድፍረቱ የተወለደ ይመስላቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ሳይታደሉ የቀሩ። በዚህ ሥራ ላይ ስኖር ያየሁት ግን ሌላ ነው። ፍርሃቱን የሚያቀልሉት ቀድመው የሚደረጉ፣ ማንም ሊማራቸው የሚችል ዝግጅቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም ካሜራው ዓይን ላይ ከመድረሱ በፊት ያልቃሉ።

ከእጅ ልጀምር። የፈራ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ ፎቶው ይደበዝዛል፤ የደበዘዘውን ፎቶ ስክሪኑ ላይ ሲያይ ተማሪው የባሰ ይፈራል። ስለዚህ ከታክሲ ከመውረዳችን በፊት ካሜራው ተስተካክሎ ማለቅ አለበት። በቀን ብርሃን የመዝጊያው ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ እንዳይዘገይ አስደርጋለሁ፤ በ35 ወይም በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይህ ፍጥነት የእጅን መንቀጥቀጥ ይሸፍናል። በ200 ሚሊ ሜትር ላይ ግን ያው ፍጥነት ለተረበሸ እጅ አያስተማምንም። ርቆ መደበቅ የፈለገው ተማሪ ሌንሱን ባስረዘመ ቁጥር መንቀጥቀጡንም አብሮ ያጎላዋል። ረጅሙን ሌንስ ቢሮ ትተን የምንወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ብርሃኑም እንዲሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ትበረታና በቆርቆሮው ጥላና በሜዳው መካከል ያለው ልዩነት ካሜራው ከሚችለው በላይ ይሆናል። ነጠላ የለበሱ እናቶች ባሉበት ደግሞ የካሜራው የብርሃን መለኪያ በነጩ ጨርቅ ይታለላል፤ ሁሉንም ያጨልመውና የእናትየዋ ፊት ጠቁሮ ይቀራል። ለፊቱ ሲባል 1 ስቶፕ ያህል መጨመር ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ቦታው ላይ ደርሶ፣ ሰው ከቦ እያየው፣ ልቡ እየመታ የሚያሰላ ተለማማጅ አላየሁም። ቀድሞ ከጨረሰው ግን እዚያ ሲደርስ ሐሳቡን የሚሻማው ነገር አይኖርም፤ ሰዉን ማየት ይችላል።

አጠና ተራ በጠዋት ጥሩ መማሪያ ነው። የባሕር ዛፉ አጠና ወፍራምና ቀጭኑ ተለይቶ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ሻጭ፣ ገዢ፣ ደላላ፣ ጫኝና አውራጅ በአንድ ጠባብ ቦታ ይጋፋል። እዚያ ስንደርስ ካሜራው አንገት ላይ በግልጽ ይንጠልጠል እላለሁ፤ ከቦርሳ ድንገት የሚመዘዝ ካሜራ ሰው ያስደነግጣል፣ ያስጠረጥራልም። እጅ ላይ የሚያዘው ግን ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ሥራው ከፎቶ መግለጫው ይጀመር፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራው ላይ ስንት ዓመት እንደቆዩ፣ ገበያው እንዴት እንደሆነ። ፎቶው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በዚህ የማይስማሙ አርታኢዎች አሉ። ሰው ከተነገረው ይዘጋጃል፣ አንገቱን ያቀናል፣ ፎቶው ይበላሻል ይላሉ። ለእሳት አደጋ፣ ለግጭት፣ ለሩጫ ውድድር እውነታቸውን ነው፤ እዚያ ስም ጠይቆ የሚያነሳ የለም። ገበያ ላይ ግን ሰው ተዘጋጅቶ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ገዢ ይመጣል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ጭነት ይደርሳል። ፎቶ አንሺው ቦታውን ሳይለቅ ከቆየ ሰዉ ወደ ሥራው ይመለስና ይረሳዋል።

አንዲት ዓይን አፋር ተማሪ አስታውሳለሁ። አጠና የሚሸጡ አንድ አዛውንት ፊት ደርሳ ቃል ጠፋባት። ሰውየው ቀና ብለው፣

«ምን ፈልገሽ ነው ልጄ?» አሏት።

«እንደምን አደሩ አባባ። የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ፣ ስለ ሥራዎ ልጠይቅዎት ነበር።»

«ዩቲዩብ ነው?»

«አይደለም አባባ፣ ጋዜጣ ነው።»

«ጋዜጣ ከሆነ ደግ። በይ ቁጭ በይ።»

የተጋደመ አጠና ላይ ተቀመጠች። ስማቸውን ጻፈች፤ ለቋሚ የሚሆነውና ለማገር የሚሆነው በምን እንደሚለይ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም በቃል ማስረዳቱን ትተው አንዱን አጠና አነሱና በመዳፋቸው እያሽከረከሩ ቀጥ ማለቱን በአንድ ዓይን ይመለከቱ ጀመር። አንሺ አላልኳትም። ደብተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ካሜራዋን አነሳች። ፎቶው ላይ የአዛውንቱ ግራ ዓይን ተጨፍኗል፤ ቀኙ በአጠናው ርዝመት ወደፊት ይመለከታል፤ ጣቶቻቸው መሀል የባሕር ዛፍ ልጣጭ ተሰንቅሯል። ያን ልጣጭ ከአስፋልቱ ማዶ ሆኖ ማየት አይቻልም።

«ዩቲዩብ ነው?» የሚለው ጥያቄ ዛሬ በየሰፈሩ ይጠየቃል፤ ተማሪዎች እንደ ስድብ ሊቆጥሩት አይገባም። ሰው ፊቱ የት እንደሚደርስ፣ ከሥሩ ምን እንደሚጻፍበት የማወቅ መብት አለው። ማን እንደላካቸው፣ ፎቶው የት እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚወጣ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር የሚችሉ ተማሪዎች ሲናገሩ ራሳቸውም ይረጋጋሉ። እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ጮክ ብለን የምንለማመደው ታክሲ ውስጥ ነው። «አልፈልግም» ያለ ሰው ሲገጥማቸው ደግሞ «እሺ፣ ይቅርታ፣ መልካም ቀን» ብለው ወደ ቀጣዩ መሄድ ነው። እምቢታ የዕለት ሥራው አካል ነው፤ በትምህርት ቤት ፈተና እንደ መውደቅ አይታይ።

አንድ ሌላ መሸሸጊያም አላቸው፤ ስክሪኑ። አንድ ፎቶ ያነሱና አንገታቸውን ደፍተው ያያሉ፣ ያጎላሉ፣ ይሰርዛሉ። ብርሃኑን ለመፈተሽ ይመስላል እንጂ ዓይንን ከሰው ላይ ለማንሳት ነው። እነሱ አንገታቸውን በደፉበት ሰዓት አዛውንቱ ይስቃሉ፣ ልጅ መጥቶ ጉልበታቸው ላይ ይደገፋል። ስክሪኑን በፕላስተር ሸፍኜባቸው ግማሽ ቀን እንዲሠሩ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ያማርራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ያመጧቸው ፎቶዎች ላይ ግን ፊት ይበዛል።

ለሴት ተማሪዎች ፍርሃቱ ሌላ ሸክም አለው። ታክሲ ተራ ላይ ካሜራ የያዘች ወጣት ሴት ለከፋው አያስቆማትም። ይህን በድፍረት ተወጪው ማለት ተገቢ አይደለም። ሁለት ሆነው ይወጣሉ፤ አንዷ ስታነሳ አንዷ ዙሪያውን ታያለች፤ አንድ ባለሱቅ ወይም አንዲት ቡና የምታፈላ እናት ቀድመው ይተዋወቃሉ። ሰፈሩ ውስጥ የሚያውቃቸው አንድ ሰው መኖሩ ብዙ ያግዛቸዋል።

ከዚያ የዘበኛና የፖሊስ ፍርሃት አለ። ይህን የሚያቃልለው ሕጉን ማወቅና ወረቀት መያዝ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ከነዚህ ውስጥ የሰውዬው ታዋቂነት ወይም የያዘው የመንግሥት ሥልጣን፣ እንዲሁም ፎቶው በአደባባይ ከተደረገ ወይም ሕዝብን ከሚመለከት ክንውን ጋር መያያዙ ይገኙበታል። ይህን ያነበበ ተማሪ ሰልፍ ላይና በአንዲት እናት ደጃፍ ላይ የሚኖረው መብት አንድ እንዳልሆነ ይገባዋል። የትምህርት ክፍሉን የድጋፍ ደብዳቤና የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ይዞ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ጎራ ይላል፤ ዘበኛ ሲያስቆመው ሳይጠየቅ ደብዳቤውን ያወጣል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ክልክል የሆነው ቦታ ግን ክልክል ነው። ኮልፌ ያለው የፖሊስ ማሠልጠኛ በር ላይ ሲደርሱ ካሜራቸውን ማንሳት ያምራቸዋል፤ በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት በዚያ መሆኑን ሰምተዋልና። ለ6 ወር የታሰበው ሥልጠና ድርጅታቸው ወደ አገር ቤት ስለጠራቸው በ2 ወር ገደማ ተቋረጠ። ታሪኩን እዚያው ቆመን አወራላቸዋለሁ፤ ካሜራው ግን ወደ በሩ አይዞርም። ለዚያ የሚያስፈልገው ከበላይ የተጻፈ ፈቃድ ነው።

አለርት ሆስፒታል አካባቢ ስንደርስ ፍጥነታችንን እንቀንሳለን። ዘነበ ወርቅ ሰፈር ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር አብሮ ያደገ ሰፈር ነው፤ አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው እዚያ በነበረው ሆስፒታል ላይ ነው። በሽታው ጣቶቻቸውን የጎዳባቸው እናቶች ጥልፍ ይጠልፋሉ። ተለማማጅ ሁሉ ዓይኑ የሚሮጠው ወደ ጣቶቹ ነው። እኔ የምጠይቀው ጥልፉን ነው፤ ፊታቸውን ነው። ጣት ብቻ ቆርጦ የሚያወጣ ፎቶ ሰውየውን ወደ በሽታው ይመልሰዋል፤ እንዲህ ያለ ፎቶ ስም ያለው መግለጫ ቢኖረውም አላሳልፈውም።

ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ረጲ ነው፤ ቆሼ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ፍለጋው ቀናት ፈጀ፤ የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ተማሪዎቼን እዚያ የምወስዳቸው አንድ ጥያቄ ይዘው እንዲመለሱ ነው፤ በዚያ ሌሊት እዚህ ብትመደቡ ካሜራችሁን ታነሱ ነበር?

መልሱን የሚያቀርብልኝ የሙሉጌታ አየነ ፎቶ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ለአሶሼትድ ፕሬስ የሚሠራው ሙሉጌታ አንዲት ሐዘንተኛ አደጋው ቦታ ላይ አፈር አንስታ ፊቷ ላይ ስትበትን አነሳ። ፎቶው በ2020 እ.ኤ.አ. ለወርልድ ፕሬስ ፎቶ የዓመቱ ምርጥ ፎቶ ከታጩት 6 ሥራዎች አንዱ ሆነ። በፎቶው ላይ አቧራው በአየር ላይ እንዳለ ነው። ያ ፎቶ ባይኖር የዚያች ሴት ሐዘን በ157 ቁጥር ውስጥ ተውጦ ይቀር ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ የሚሰማው ፍርሃት ከአጠና ተራው የተለየ ነው፤ ተማሪው እንዲያጠፋው አልፈልግም። ፎቶውን የሚያነሳውን ሰው ጨዋ የሚያደርገው እሱ ነው።

ለቅሶ ላይ ደግሞ ልጆቻችን ከቤት ይዘውት የመጡት ሥርዓት አለ፤ እሱን እንዲጠቀሙበት እነግራቸዋለሁ። ድንኳን ውስጥ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ይባላል፤ ሐዘንተኞቹ ሙስሊሞች ከሆኑ ደግሞ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ»። ካሜራው ጉልበት ላይ ይቆያል። ከዚያ የእድሩ ዳኛ ወይም የቤተሰቡ ታላቅ ተፈልጎ በጆሮው ይጠየቃል። ፈቃድ ከተገኘ ጥቂት ፎቶ፣ ያለ ፍላሽ። ካልተገኘ ለቅሶ ደርሶ መመለስ ነው። እናቱ ለቅሶ ቤት ይዛው የሄደች ተማሪ ይህን ያውቃል፤ ካሜራ ሲይዝ ብቻ የረሳው ይመስለዋል።

ልምምዱን ለሚመሩ አርታኢዎችና አማካሪ መምህራን የምለው አለኝ። ተለማማጅን በመጀመሪያው ቀን ብቻውን ወደ ጋዜጣዊ መግለጫና ወደ ሪባን ቆረጣ አትላኩት፤ በቴሌቪዥን ካሜራዎች መሀል «ዝቅ በል!» እየተባለ ከመገፋት የሚማረው ጥቂት ነው። አንድ ሰፈር ስጡትና ልምምዱን እስኪጨርስ እዚያው ይመላለስ። ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት የድጋፍ ደብዳቤው እጁ ይግባ። ያነሳው ፎቶ ሲታተም ከሥሩ የሱ ስም ይጻፍ፤ ጋዜጣውም አጠና ተራ ላሉት አዛውንት አንድ ቅጂ በእጁ ይላክላቸው።