የዓባይን ስም ይዘው ባሕር ስለ ተሻገሩ ሙዚቀኞች

ዓባይ ከጣና ባሕር ወጥቶ የባሕር ዳርን ከተማ ታኮ ሲያልፍ ጸጥተኛ ወንዝ ነው፤ ስሙ ግን ከውሃው ይልቅ ሩቅ ሄዷል። በ1969 ዓ.ም. (በዚህ ጽሕፈት ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እናደርጋለን) የአገራችን ሙዚቀኞች መሰንቆ፥ ክራርና ዋሽንት ይዘው «ብሉ ናይል» የሚለውን የዓባይን የእንግሊዝኛ ስም መጠሪያቸው አድርገው አሜሪካን አገር ዞሩ፤ ኤድ ሱሊቫን በሚባለው ሰው የቴሌቪዥን ትርኢት ላይም ቀርበው ዜማቸውን አሰሙ። በአገር ቤት ስማቸው «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» ነበረ። ዛሬ ስለ እነርሱ የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው የአገር ልብሳቸውንና የዚያን ዘመን ደስታ ነው። ትዝታ ደግ ነገር ነው፤ ብቻውን ግን ሥራን አይመዝንም። ስለዚህ ይህ ጓድ ምን እንዳቆየልን፥ ምንስ ወደ ኋላ እንደ ተወ አንባቢ ከእኛ ጋራ ይመረምር ዘንድ እንለምናለን።

ጓዱ የተቋቋመው በ1963 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲሆን፥ መሥራቹ በግብጽ ተወልዶ አሜሪካዊ የሆነው የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤል ዳብሕ ነው። እርሱ በ1964 ሲሄድ ጆን ኮ የሚባል አሜሪካዊ ተተካ፤ ከ1966 ጀምሮ ግን አመራሩ በኢትዮጵያዊው በተስፋዬ ለማ እጅ ገባ። የጓዱም ስም ዛሬ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ አብሮ የሚነሣው የእርሱ ስም ነው።

የያዙት ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ለመረዳት የመሣሪያዎቹን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ቤት፥ የራሱም ጊዜ ነበረው። ዐሥር አውታር ያለው በገና በጾም ወራት በጽሞና ይደረደራል፤ ዋሽንት የእረኛ ጓደኛ ነው፤ መለከትና እምቢልታ የነገሥታትና የመኳንንት ክብር ማሰሚያ ነበሩ፤ በአንድ የፈረስ ጭራ አውታር የሚናገረው መሰንቆ ደግሞ የሰርግና የግብር ቤት አዝማሪ መተዳደሪያ ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ መድረክ አሰባስቦ በአንድ ዜማ ማስኬድ ልማድ አልነበረም።

ችግሩም የልማድ ብቻ አይደለም። ክራርና መሰንቆ አውታራቸው ሲጠብቅና ሲላላ ለዘፋኙ ድምፅ ይታዘዛሉ። ዋሽንት ግን አንድ ጊዜ ተቈርጦ ከተበሳ በኋላ አይታዘዝም፤ ስለዚህ ነው ዋሽንተኛ ረዥምና አጭር የሆኑ ብዙ ዋሽንቶች ይዞ የሚሄደው። እምቢልታም አንዱ ብቻውን ዜማ አይሞላም፤ ሌላው ሲያቆም አንዱ እየተቀበለ በጓደኞቹ ይሞላል። እንግዲህ እነዚህን በትዝታ ወይም በባቲ፥ በአምባሰል ወይም በአንቺ ሆዬ ቅኝት አስማምቶ ለማሰማት እያንዳንዱ ባለ ሙያ የብቻውን ክብር ጥቂት ዝቅ አድርጎ ጓደኛውን መስማት ነበረበት። በማሕሌት ከበሮውና ጸናጽሉ በአንድ ሥርዐት ሲሄዱ ያየ ሰው ይህ ምን ዐይነት ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አይጠፋውም። ለኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የሚገባው የመጀመሪያው ምስጋና ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ዘመኑን እንመልከት። በእነዚያ ዓመታት የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ሙዚቀኞች በአንድ ዐይነት ኮትና ከረቫት ተሰልፈው ሳክስፎንና ትራምፔት ይነፉ ነበር። በዚያው በ1969 አምኃ እሸቴ የግሉን የሸክላ ድርጅት አቋቁሞ የወጣቶቹን ዘፈን ማሳተም ጀመረ። በአዲስ አበባ የከተማው ልጅ ጠጕሩን «አፍሮ» አሳደገ፤ ሴቲቱም ቀሚሷን አሳጠረች። ነገሩም እስከ ጠብ ደርሶ፥ በመጋቢት 1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የልብስ ትርኢት ሲደረግ ተማሪዎች «ይህ የባዕድ ባህል ነው» ብለው ተቃወሙና ሁከት ተነሣ። ነገር ግን ልብስንና ጠጕርን በችኰላ የሚፈርድ ይሳሳታል። «አፍሮ» ተብሎ ከአሜሪካ የመጣው ጠጕር በአባቶቻችን ዘንድ ጐፈሬ ይባል ነበር፤ አርበኛውም በጐፈሬው ይታወቅ ነበር። የራሳችን የሆነውን ነገር ሌላው አገር ስም አውጥቶ እስኪመልስልን ድረስ ሳናከብረው ቈየን።

በመሰንቆም የሆነው ይኸው ነው። ቻርልስ ሳተን የሚባል አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አባል ሆኖ ወደ አገራችን መጥቶ ከመሰንቆ ሊቁ ከጌታመሳይ አበበ እግር ሥር ተቀምጦ መሰንቆን ተማረ፤ በአሜሪካው ጕዞም ከጓዱ ጋራ አብሮ ተጫወተ። በዚያ ጊዜ ግን «አዝማሪ» የሚለው ቃል በብዙ የተማረ ሰው አፍ ስድብ ነበረ። ይህን የምንጽፈው እንግዳውን ለመንቀፍ አይደለም፤ በትሕትና ተምሯልና ምስጋና ይገባዋል። የምንነቅፈው የእንግዳ እጅ እስኪነካው ድረስ የቤቱን ዕቃ የማያይ የቤት ባለቤትን ነው።

የውጭውም ዓለም በዚህ ጊዜ በተመሳሳይ ሐሳብ ተይዞ ነበር። በእንግሊዝ አገር ፌርፖርት ኮንቬንሽን የተባሉ ወጣቶች በዚያው በ1969 የባላገሩን የጥንት ዘፈን በኤሌክትሪክ ጊታር አድሰው በሸክላ አወጡ። የእነርሱ መንገድ አሮጌውን ቃል ጠብቆ መሣሪያውን መለወጥ ነበረ። የእኛዎቹ በዚህ ይለያሉ፤ መሣሪያውን እንዳለ ጠብቀው አቀማመጡን ለወጡ። ማን ይበልጣል ብሎ መከራከር አያስፈልግም፤ ነገር ግን ንጽጽሩ ለእኛ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም መሣሪያው ሲጠበቅ ቃሉስ ምን ሆነ የሚል ነው።

ነቀፌታችንም በዚህ ላይ ነው። በጣና ዙሪያ በጎጃምም በጎንደርም አዝማሪ የሚመዘነው በእጁ ብቻ አይደለም። ከታዳሚው አንዱ ተነሥቶ «ተቀበል!» ይለዋል፤ ግጥምም ይሰጠዋል፤ እርሱም ተቀብሎ በመሰንቆው ያዜመዋል፤ ከራሱም ጨምሮ ሰሙን ለሁሉ፥ ወርቁን ለሚያውቅ ያቀርባል። ይህ ነገር የቅኔ ዘመድ ነው። ጎንጅና ዋሸራ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው ትናንት የተሰጠ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ለዕለቱ አዲስ መሆን አለበት። የተለማመዱትን ዜማ በተወሰነ ደቂቃ ለባዕድ ታዳሚ የሚያሰሙ ሙዚቀኞች ግን «ተቀበል» የሚላቸው ማንን ያገኛሉ? አማርኛ የማይሰማ ሰው ግጥም አይሰጥም። ስለዚህ መሰንቆው ባሕር ሲሻገር «ተቀበል» በወደቡ ላይ ቀረ እንላለን። ሸክላውም እንደዚሁ ነው፤ ድምፁን ሳያጐድል ይጠብቃል፤ መልስ ግን አይሰጥም። ይህ የሙዚቀኞቹ ጥፋት ሳይሆን የመድረኩ ጠባይ ነው፤ ቢሆንም ጕድለት ጕድለት ነው፤ ልንናገረው ይገባል።

ጓዱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱ በዓመቱ በ1975 ተበተነ። አብሮ የመጫወቱ ልማድ ግን አልተበተነም። በደርግ ዘመን በጎንደር «ፋሲለደስ»፥ በጎጃም «ግሽ ዓባይ» የተባሉት የኪነት ቡድኖች ክራሩንና መሰንቆውን፥ ዋሽንቱንና ከበሮውን በአንድ መድረክ አሰለፉ። በ2007 ደግሞ በፈረንሳይ አገር የሚታተመው «ኢትዮጲክስ» የተባለው የሙዚቃ ስብስብ 23ኛ ቍጥሩን ለኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሰጥቶ ድምፃቸውን ለአዲስ ትውልድ አደረሰ። ያን ድምፅ ዛሬ የሚሰማ ሰው ልብሱን አያይም፤ የሚሰማው ዋሽንቱ ሲመራ ክራሩ እንዴት እንደሚታዘዝ፥ መሰንቆውም ተራውን ጠብቆ እንዴት እንደሚገባ ነው። ሥራው ያለ ልብሱ መቆሙ የጥሩ ሥራ ምልክት ነው።

ዛሬ በባሕር ዳር የአዝማሪ ቤቶች «ተቀበል» የሚለው ቃል ገና አልጠፋም። የአገር ልብስም በየመድረኩ ሞልቷል። ነገር ግን ጥለቱ እየደመቀ ግጥሙ እየሳሳ የሚሄድበት ቦታ መብዛቱን ልብ ያለ ሰው ያያል፤ ከአንድ ኪቦርድ የሚወጣ የክራር ድምፅም የባለ ክራሩን ወንበር እየወሰደ ነው። እንግዲህ ያንን ጓድ በእውነት ማስታወስ የሚፈልግ ሰው ልብሱን ከመቅዳት ይልቅ ሁለት ነገር ያድርግ። ወጣቱን ከባለ ሙያ እግር ሥር አስቀምጦ መሣሪያ ያስተምር፤ የተማረውም ሰው አዝማሪ ፊት ሲቀመጥ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በሚገባ የታሰበ ግጥም ይስጥ። ቅኔ የሚያውቅ ካህንና መጽሐፍ ያነበበ የከተማ ሰው ግጥም ካልሰጠ፥ አዝማሪው የሚቀበለው ከማን ነው?