«ከጠገበች አይጥ አትይዝም»

ሰሞኑን ቡና ሊጠጡ ቤታችን የመጡ አንዲት ጎረቤታችን ስኒያቸውን ሳያነሡ ዐይናቸው ድመታችን ላይ ዐረፈ። «ይቺ ነገር ታማለች እንዴ?» አሉ። ባለቤቴ ከረከቦቱ ቀና ሳትል «ኧረ ድሮም እንዲህ ናት እትዬ» አለቻቸው። ከጎናቸው የተቀመጡት ሌላዋ እንግዳ ደግሞ ወሬውን ባጭሩ ዘጉት። «እንኳንም ቀጠነች። ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም!»

የድመት ነገር ነው ብዬ ዝም ልል ነበር። ግን ስንት ዘመን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ሦስት ሰዎች አንዱን ጽሑፍ በሦስት መንገድ ሲያነቡት ዝም ማለት አይሆንልኝም። አንዷ በሽታ አነበቡ፣ ሁለተኛዋ ተፈጥሮ፣ ሦስተኛዋ ሙያ። ድመቷን አንሥቶ የዳሰሳት ግን አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

እኛ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ «ወፍረሃል፣ ተስማምቶሃል» ይባባላል። የከሳውን ደግሞ «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ብለን እናስደነግጠዋለን። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ ሕዝብ ክሳትን እንደ መርዶ ቢቆጥረው አልፈርድበትም። ችግሩ ይህ ዐይናችን ትንሽነትንና ቅጥነትን አለመለየቱ ነው።

ትንሽነት የአጥንት ነገር ነው። ያደጉ ድመቶች ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ሴቶቹ ግን ይቀልላሉ። ሲንጋፑራ ከሚባሉት ዝርያዎች አብዛኞቹ ሴቶች 3 ኪሎ እንኳ ሳይሞሉ በጤና ይኖራሉ። ቅጥነት ግን አጥንቱን የሸፈነው ሥጋ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ ፀጉር ይደብቀዋል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሞች በእጃቸው ዳስሰው ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ጥሩው መካከለኛው ነው። እቤት ለመሞከር እጃችሁን ጨብጡና የጣቶቻችሁን አንጓ በሌላው እጅ ዳስሱ። የድመታችሁ ጎድን እንዲያ ጎርበጥ ካለ ቀጥናለች። እጃችሁን ዘርግታችሁ ጀርባውን ስትዳስሱት እንደሚሰማው ከሆነ ደህና ናት። መዳፋችሁን ስትዳስሱ እንደሚሰማው ከሆነስ? ጎረቤት «ተስማምቷታል» የሚላት ያቺ ናት።

ድሮም ቀጠን ያለች፣ የምትጫወት፣ ፀጉሯ የሚያብረቀርቅ፣ ድዷ ሮዝ የሆነ ድመት ብዙ አታሳስብም። የሚያሳስበው ለውጡ ነው። በተለይ ዐሥር ዓመት ያለፋት ድመት እየበላች ከከሳች የታይሮይድ ዕጢ፣ ስኳር ወይም ኩላሊት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያት። ግልገሎቹ ላይ ደግሞ ዐይናችን ጭራሽ ይሳሳታል። ሆዱ የተነፋውን ግልገል አይተን «ይሄስ ጠግቧል» እንላለን፤ ሆዱን የነፋው ግን ብዙ ጊዜ ከእናቱ ጡት ከወተቱ ጋር የገባ ወስፋት ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛዋ እንግዳ ልመለስ፤ የከነከነኝ የሳቸው ነውና። ለድመት አደን ከሆድ የተለየ ነገር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 በታተመ አንድ ጥናት ላይ፣ ምግብ ቀርቦላቸው እየበሉ የነበሩ ድመቶች አይጥ ሲለቀቅባቸው መብላቱን ትተው ሄደው ገደሉና ተመልሰው ምግባቸውን ቀጠሉ። ረሃብ ጨርሶ አያነሣሣም አልልም። ነገር ግን አቅም ያጣች ድመት አይጥ ከማሳደድ ይልቅ የጎረቤት ድስት መክፈት ይቀላታል። «አይጥ በልታ ትኑር» ማለትም ለሷ ቀላል ፍርድ አይደለም። አይጡ ኮሶ ያስይዛታል፤ መርዝ የበላ አይጥ ከሆነ ደግሞ ይገድላታል።

ታዲያ ይህ አባባል ለምን ጣፈጠን? እኔ የምጠረጥረው ቋንቋችንን ነው። በአማርኛ ጥጋብ የሆድ መሙላት ነው፤ ጥጋብ ትዕቢትም ነው። «ጠገበ» ሲባል ሰውዬው ምሳውን በልቶ ይሁን ልክ አጥቶ የሚታወቀው ከተናጋሪው ድምፅ ነው። ለራሳችን ሲሆን መስማማት፣ ለሚያገለግለን ሲሆን ጥጋብ! አንዲት የማውቃት ሴትዮ የቤት ሠራተኛዋ ለምን ከቤተሰቡ ተለይታ ቀጭን ሽሮ እንደምትበላ ብጠይቃት «ከጠገቡ እኮ አይቀመጡም» ብላኛለች። ዐረፍተ ነገሩ ያው ነው፤ ባለቤቱ ብቻ ነው የተለወጠው።

ሌላውን እያማሁ የራሴን ቤት መደበቅ ደግሞ ነውር ነው። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ድመቷን አንሥቼ ጎኗን ዳሰስኩት። አንጓዬን የዳሰስኩ መሰለኝ። ለካ ሁዳዴ ሲገባ እኛ አምነንበት 55 ቀን ስንጾም እሷ ሳትጠየቅ አብራን ትጾማለች። ፍርፋሪ እንጀራ በሽሮ፣ ፍርፋሪ እንጀራ በምስር። ድመት ደግሞ ያለ ሥጋ መኖር የማትችል ፍጡር ናት። ሥጋ ውስጥ የሚገኘው ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ሲጎድልባት ዐይኗ ይጠፋል፤ ልቧም ይደክማል። በዚያ ላይ የወጣችን መሠረት የሆነው ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። እኛ ግን ወጥ ያረፈበት ፍርፋሪ ስንሰጣት ለጋስ የሆንን ይመስለን ነበር!

በማግስቱ በካርቶን ይዣት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም ድዷን ገልጦ አየ፣ ጎኗን ዳበሰ፣ መዘናት፤ 2 ኪሎ ከ400። ዕድሜዋን ጠየቀኝ፣ ከዚያ የምትበላውን ጠየቀኝ። ሁለተኛውን ስመልስለት ድምፄ ዝቅ ማለቱን እኔው ሰማሁት። «ጋሼ፣ ትንሽነቷስ የራሷ ነው» አለኝ። የወስፋትና የኮሶ መድኃኒት ሰጣትና ሽንኩርትም ቅመምም ያልነካው ሥጋ በየቀኑ እንድትበላ አዘዘ።

አሁን 2 ኪሎ ከ800 ደርሳለች። ከዚህ በላይ ብዙም የምትጨምር አይመስለኝም፤ ትንሽ ናት። ባለፈው ሰኞ ጠዋት የጓዳው በር ላይ አንድ አይጥ ጥላ አገኘናት፤ ገድላ አልበላችውም። የቸገረን የመጪው ሁዳዴ ነው። የሰፈራችን ሥጋ ቤት በጾም ይዘጋል፤ አስቀድሞ ገዝቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ባለቤቴ ግን የጾም ምግብ ካለበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሥጋ አይገባም ብላለች። እኔ ሌላ ትንሽ ማቀዝቀዣ እንግዛ አልኩ፤ እሷ ለድመት ማቀዝቀዣ የገዛ ሰው ሰፈር ውስጥ ምን እንደሚባል ታውቃለህ ወይ ትለኛለች። አውቃለሁ። ጠገበ ነው የሚባለው። እስካሁን አልተስማማንም።