ከእቃ እቃ የተጠራችው ልጅ፦ የሕፃናት ወንዶችና ሴቶች መናናቅ በቤተሰብ ኮሜዲ

የቤተሰብ ኮሜዲ በሥነ ጽሑፍ ክፍሎቻችን ለሂስ ሲቀርብ እምብዛም አይታይም። ተውኔቱንና ልብ ወለዱን አስተምሮ ለመጨረስ የሴሚስተሩ ጊዜ በማይበቃበት ቦታ፣ ለግማሽ ሰዓት የቴሌቪዥን ሳቅ ጊዜ የሚሰጥ መምህር ቢጠፋ አያስገርምም። ሆኖም ተማሪዎቻችን ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል ከለመዱት ነገር ብዙው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚሁ ሳጥን የመጣ ነው። ይህ ጽሑፍ ከዘርፉ አንድ ነገር ብቻ መዝዞ ይመለከታል፤ ይኸውም ሕፃናት ወንዶችና ሴቶች ሲናናቁና ሲሸሻሹ የሚቀርቡበትን ሁኔታ ነው። የምመረምራቸው ሦስት የታወቁ የአሜሪካ ድራማዎች ናቸው፤ መመዘኛዬ ግን ያደግሁባት የካፋዋ ዋጫ ናት። ዋጫን ያነሣሁት ለናፍቆት አይደለም። ሌላው ሲስቅ እኔ የማልስቅበት ቦታ ስላለ፣ ምክንያቱን ስፈልግ የሚመጣልኝ የዋጫ ሜዳ ስለሆነ ነው።

«ሊቭ ኢት ቱ ቢቨር» እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1963 በ234 ክፍሎች የተላለፈ ነው። ዋናው ሕፃን ቢቨር ድራማው ሲጀመር የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሴት ልጆችን አይወድም፤ በተለይም ጁዲ የምትባለውን፣ የልጆቹን ጥፋት ለመምህርቷ ለመናገር የምትቸኩለውን የክፍል ጓደኛውን። ይኸው ልጅ ግን መምህርቱን ራሷን በልቡ ይወዳል። ታላቅ ወንድሙ ዎሊ ደግሞ ዕድሜው ከፍ እያለ ሲሄድ ከኮረዶች ጋር መቀጣጠር ይጀምራል። ስለዚህ ተመልካቹ የነገውን ቢቨር በዎሊ ላይ አስቀድሞ ያየዋል። ንቀቱ እንደ ወተት ጥርስ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይወልቃል። ሳቃችን የሚቀለውም ለዚህ ነው፤ እንደሚያልፍ የምናውቀው ነገር አያስፈራንም። የጁዲ ነገር ግን አያልፍም። ታሪኩ ከቢቨር ወገን ስለሚተረክ ማሳበቋን እንጂ ለምን እንደምታሳብቅ አናውቅም።

«ዘ ብሬዲ በንች» (እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974) ነገሩን ወደ ሒሳብ ይለውጠዋል። ሦስት ወንዶች ልጆች ያሉት አባት ሦስት ሴቶች ልጆች ያሏትን እናት ያገባል፤ ቤቱ ገና ከመሠረቱ ሁለት ጎራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በተላለፈ አንድ ክፍል፣ ከሴቶቹ ትልቋ ማርሻ፣ ሴት ወንድ የሚሠራውን ሁሉ ትሠራለች ብላ በወንዶች ስካውት ቡድን ለመግባት ትነሣለች። በአጸፋው ከወንዶቹ አንዱ ፒተር ወደ ሴቶቹ ቡድን ተገፍቶ ይገባና ቤት ለቤት እየዞረ ብስኩት ሻጭ ይሆናል። ማርሻ ፈተናውን ታልፋለች፤ ካለፈች በኋላ ግን መግባቱን ትተወዋለች። የፈለገችው መቻሏን ማሳየት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው የሴራው መዋቅር ነው። ተከታታይ ኮሜዲ በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉ ነገር እንደነበረው ሆኖ መጀመር አለበትና፣ ማርሻ ብትገባ ኖሮ ለጸሐፊዎቹ ጣጣ ነበር። እንግዲህ የሴት ልጅ ድል የሚፈቀደው ምንም የማይለውጥ እስከሆነ ድረስ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሚከፋው ነው። ሴቷ ወደ ወንዶቹ ስትሻገር ጀግንነት ነው፤ ወንዱ ወደ ሴቶቹ ሲሻገር ግን ውርደት ነው፣ የሚሳቀውም በእርሱ ነው። ሥራው እኩልነትን አስተምራለሁ ባለበት በዚያው ሰዓት፣ የሴት መሆን ዝቅ ማለት እንደሆነ በሳቁ መስክሯል።

አሁን ወደ ዋጫ። በእኛ ሜዳ ሕፃናት ሲያድጉ ይቀራረባሉ የሚለው የእነ ቢቨር ቀመር የተገለበጠ ነበር። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች ወንድ ሴት ሳይሉ እቃ እቃ ይጫወታሉ። የተሰበረ ሸክላ ጀበና ነው፤ ቅጠል ሲኒ ነው፤ ጭቃው እንደ አስፈላጊነቱ ቆጮም ቡናም ይሆናል። አንዱ አባት ሆኖ ይቆጣል፣ አንዷ እናት ሆና ታስተናግዳለች፣ ትንሹ ደግሞ ሳይወድ ሕፃን ይደረጋል። የአዋቂዎቹን ቤት አኳኋን ሳያዝኑ የሚያሳዩት እነርሱ ናቸው፤ እንዲያውም የመጀመሪያው የቤተሰብ ኮሜዲያችን እቃ እቃ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። መለያየቱ የሚመጣው ኋላ ነው፤ የሚያመጣውም ጠብ አይደለም። ሴቷ ልጅ ከመካከል ትጠራለች፤ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናሿን ታዝላለች፣ እንሰት ስትፋቅ ከእናቷ ጎን ትሆናለች። ወንዱ ከብት ይዞ ይወጣል፤ ቀፎ ለመስቀል ዛፍ የሚወጡትን ወንዶችም ይከተላል። ከዚያ በኋላ «ከሴት ጋር አልጫወትም» የሚል ልጅ ንቀቱን የፈጠረው ራሱ አይደለም፤ የሥራ ክፍፍሉ ያደረገውን ነገር በቃል አጸደቀው እንጂ። ይህ የወተት ጥርስ ሳይሆን የሚበቅለው ጥርስ ነው። እኔ በቢቨር ንቀት ከልቤ መሳቅ ያቃተኝ እንግዲህ ለዚህ ይመስለኛል።

ከሦስቱ ለዚህ እውነት የሚቀርበው «ዘ ኮዝቢ ሾው» (እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1992) ነው። ዋናው ተዋናይ ቢል ኮዝቢ እ.ኤ.አ. በ2018 በወሲብ ጥቃት ተፈርዶበት ፍርዱ በ2021 የተሻረ መሆኑን ዛሬ ሥራውን የሚመለከት ሰው መዘንጋት አይችልም፤ በአባትየው ገጸ ባሕርይ ላይ ጥላው ያርፋል። እኔ የማነሣው ግን የትንሿን ልጅ የሩዲን ጓደኛ ኬኒን ነው፤ እርሷ «ቡድ» ትለዋለች። ኬኒ ስለ ሴቶች ቦታ ደጋግሞ ይናገራል፤ ንግግሩን ግን ከታላቅ ወንድሙ እየጠቀሰ ነው። ወንድሜ እንዲህ አለ እያለ፣ እርሱ ራሱ በቅጡ ያልገባውን ድንጋጌ በልጅ ድምፅ ያነባል። ምጸቱ የሚደምቀው ይህን የሚለው እናቲቱ ጠበቃ በሆነችበት ቤት መሆኑ ነው። ሳቁ የሚያርፈው በሕፃኑ ላይ ብቻ አይደለም፤ ቃሉን አውሶ በላከው በታላቁም ላይ ነው። ቢቨር ንቀትን የዕድሜ ነገር አደረገው፤ ቡድ የውርስ ነገር መሆኑን አሳየ።

የእኛ ጸሐፊዎች ለዚህ ዓይነቱ አሳሳል እንግሊዝኛ የሌለው መሣሪያ በእጃቸው አለ። አማርኛ አንድን ሰው በነጠላ ሲያነጋግር፣ አክብሮ «እርስዎ» ካላለ በቀር፣ ጾታ ሳይመርጥ አያልፍም። ወንዶች ልጆች አንዱን ለማዋረድ ሲፈልጉ ስድብ መፈለግ አያስፈልጋቸውም፤ «አንቺ» ማለት ይበቃል። እናት ግን ያንኑ ልጅ ስታቆላምጠው «ነይ» ትለዋለች፤ ሴት ልጇንም «ና» ትላታለች። አንዱ ቃል በቤት ፍቅር፣ በሜዳ ስድብ ነው። እናቱ በጓደኞቹ ፊት «ነይ» ብላ የጠራችውን የአሥር ዓመት ልጅ አስቡት፤ ሙሉ የድራማ ክፍል ይወጣዋል። በዋጫ ደግሞ ሦስተኛ መልክ ነበረው። የቤታችን ቋንቋ ካፊ ኖኖ ነውና አማርኛን በኋላ የለመደ ልጅ ሴቷን «አንተ» የሚላት ሊሰድባትም ሊያቆላምጣትም ሳይሆን ሰዋስው አምታቶበት ነበር። የአማርኛ ቀልድ ይህን ስሕተት የገጠሬ መለያ አድርጎ ሲስቅበት ኖሯል፤ በልጁ አፍ ውስጥ ያለውን ንጽሕና ግን አላየውም።

የታሪኩን ሌላ ጫፍ ያየን እንደሆነ፣ ቴሌቪዥናችን በ1957 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ የሕፃናትን ሰዓት ለአራት አሥርት ዓመታት የመራው ተስፋዬ ሳህሉ፣ ማለትም አባባ ተስፋዬ፣ ቀድሞ ሴቶች መድረክ ላይ ባልወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርያትን የተጫወተ ተዋናይ ነበር። የሴት ልብስ ለብሶ በመድረክ ቆሞ ክብሩን ያላጣ ሰው የአገሪቱ ሕፃናት «አባባ» ሆነ። ከፒተር ብሬዲ ኀፍረት ጋር ሲነጻጸር ይህ ራሱን የቻለ ጥናት የሚገባው ነው።

በ1990ዎቹ ማብቂያ የመጣችው ቀጭኔ፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»፣ በአሻንጉሊት የሚቀርብ የሕፃናት ዝግጅት እንጂ የቤተሰብ ኮሜዲ አይደለችም። ይሁንና ርእሷ ውስጥ ያለችው «ት» እንግሊዝኛው የማይችለውን ሠርታለች፤ መማር የሚወደው ማን እንደሆነ ገና በግሱ ተነግሯል። እንደ «ቤቶች» ያሉ የቤተሰብ ኮሜዲዎች ግን፣ ባየኋቸው ክፍሎች፣ ሳቃቸውን የሚያወጡት በአብዛኛው ከባልና ሚስት፣ ከሠራተኛና ከእንግዳ ነው፤ ሕፃናቱ በመካከል ያልፋሉ።

ሕፃናቱን መሐል የሚያደርግ ጸሐፊ ሲመጣ ወሳኙ ጥያቄ የካሜራው ቦታ ይሆናል። ልጅቷ ከእቃ እቃው መካከል ስትጠራ ካሜራው ከቀሩት ወንዶች ጋር ሜዳው ላይ ቢቆይ ሌላ ቢቨር እናገኛለን። እርሷን ተከትሎ እንስራው ወዳለበት ቢሄድ ግን፣ ከኋላዋ የጨዋታው ድምፅ እየራቀ ሲሄድ እንሰማለን፤ ወንዶቹም «እናት» የሚሆን አጥተው ከመካከላቸው ማን ይሁን እያሉ ሲጣሉ።