የአባቶቹን መንደር የፈለገ ባለቅኔ፤ ስለ «ኢስት ኮከር» ግጥም

የእስራኤል ልጆች ከባቢሎን ምርኮ ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ፥ ከካህናት ወገን ነን ከሚሉት አንዳንዶቹ የትውልዳቸውን መጽሐፍ ፈልገው ስላጡት ከክህነት እንደ ተከለከሉ በመጽሐፈ ዕዝራ በሁለተኛው ምዕራፍ ተጽፏል። እነዚያ ሰዎች መዝገብ ያስፈለጋቸው ማዕርጋቸውን ለማስመስከር ነበር። ከዚያ ወዲህም የአያቶቹን ስም በብራና ላይ የሚፈልግ ሰው፥ አፉ ባይናገረውም፥ ልቡ የሚመኘው አንድ ታላቅ ሰው ማግኘትን ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ግጥም አባቶቹ ትተውት የሄዱትን የእንግሊዝ መንደር ፍለጋ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው የጻፈው ስለ ሆነ፥ ይህ ምኞት በእርሱ ላይ ምን ያህል እንደ በረታ መርምሮ ማየት ይገባል።

ባለቅኔው ቶማስ ስተርንስ ኤሊዮት ነው። በ1888 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የአባቱ አባት የሥላሴን ምሥጢር የማይቀበሉ ዩኒቴሪያን የሚባሉ ሰዎች ሰባኪ ነበር። ኤሊዮት ግን ወደ እንግሊዝ አገር መጥቶ ከኖረ በኋላ በ1927 በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ፤ በዚያው ዓመትም የእንግሊዝ ዜጋ ሆነ። በ1937 በበጋው ወራት የአባቶቹን መንደር ኢስት ኮከርን ሄዶ አየ። ግጥሙ በመንደሩ ስም ተጠርቶ በ1940 በፋሲካ ሰሞን በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ጦርነቱ በበረታበት በዚያው ዓመት ለብቻው በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ወደ 12,000 የሚጠጋ ቅጂ ተሸጠ። በ1943 ደግሞ ከሦስት ወንድሞቹ ጋር «አራቱ ኳርቴቶች» በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ ገባ።

ኢስት ኮከር በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በሶመርሴት አውራጃ፥ ከዮቪል ከተማ አጠገብ የሚገኝ ትንሽ መንደር ነው። የመንደሩ ቤቶች ሃም ከሚባለው ኮረብታ ተፈልፍሎ ከሚወጣው እንደ ማር ብጫ ከሆነው ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ የብዙዎቹም ክዳን ሣር ነው። በመንደሩ ዙሪያ ተልባ ይዘራ ነበር። እኛ ተልባን በጾም ወራት ፍሬውን ወቅጠን የምንጠጣው ነን፤ እነርሱ ግን ከአገዳው ጭረት አውጥተው፥ ፈትለውና ሸምነው ሸራ ያደርጉት ነበር። የኮከር ሸራ ለመርከብ እጅግ የተመሰገነ ስለ ነበረ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ሁሉ ይፈልጉት ነበር ይባላል። በ1651 በዚሁ መንደር የተወለደው መርከበኛ ዊልያም ዳምፒየር ዓለምን ሦስት ጊዜ ዞሯል። እንግዲህ ልጆቹን ወደ ባሕር የሚወስደውን ሸራ በገዛ እጁ ሲሠራ የኖረ መንደር ነው። ባለቅኔው ይህን ነገር በግጥሙ ውስጥ አለማንሣቱ ያስደንቀናል፤ ያገኘው ቢሆን ኖሮ ትልቅ ምሳሌ በሆነለት ነበር።

ከእንዲህ ያለ መንደር የሄደ ሰው በምን ይታወቃል? በእንግሊዝ አገር ይህን ሥራ የሠራችው ቤተ ክርስቲያን ናት። በ1538 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ አማካሪ ቶማስ ክሮምዌል፥ በየአጥቢያው ያለ ቄስ የተጠመቀውን፥ የተጋባውንና የተቀበረውን ሰው ስም በየሳምንቱ እሑድ በመዝገብ እንዲጽፍ አዘዘ። መዝገቡም ሁለት ቁልፍ ባለው ሣጥን ተቈልፎ እንዲቀመጥ ተወሰነ። በ1598 ደግሞ በወረቀት የተጻፈው ሁሉ ወደ ብራና እንዲገለበጥና በየዓመቱ አንድ ግልባጭ ለጳጳሱ እንዲላክ ታዘዘ። መንግሥት ራሱ የልደትና የሞት መዝገብ የጀመረው ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በ1837 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የነበረ ጭሰኛና ሸማኔ፥ ጫማ ሰፊና እረኛ፥ ስሙ ሳይጠፋ የቀረው አንድ የገጠር ቄስ በእሑድ ቀን ብዕሩን ስላነሣ ነው። ይሁን እንጂ መዝገቡ ስለ ሄደ ሰው አይናገርም። የተጠመቀበት ቀን ይገኛል፤ የተቀበረበት ይታጣል። ከመንደሩ የወጣ ሰው የሚታወቀው በመጉደሉ ነው።

አሁን ወደ ግጥሙ እንመለስ። ግጥሙ አምስት ክፍል አለው። የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ ስለ ፍጻሜና ስለ መጀመሪያ መሪ ቃል አድርጋ የያዘችውን አነጋገር ገልብጦ ይጀምርና በመጨረሻው መስመር አቅንቶ ያበቃል። በመጀመሪያው ክፍል ስለ ቤቶች መሠራትና መፍረስ ይናገራል፤ መጽሐፈ መክብብን ያነበበ ሰው ከየት እንደ ተቀዳ ወዲያው ያውቀዋል። ከዚያም አንባቢውን በዛፍ ጥላ ወደ ጨለመች ጠባብ መንገድ ያስገባውና፥ በበጋ ሌሊት በሜዳ ላይ እሳት አንድደው የሚጨፍሩ የጥንት ባላገሮችን ያሳየዋል። እግራቸው ከባድ ነው፤ ጫማቸው ጭቃ ይዟል፤ ራሳቸውም ከብዙ ዘመን በፊት አፈር ሆነው እህል አብቅለዋል። ይህ ስፍራ በግጥሙ ሁሉ ውስጥ እጅግ ያማረው ነው ብንል አናፍርም። ባለቅኔው ያያቸው ሰዎች አንድም ስም የላቸውም፤ ቢሆንም ሕያዋን ናቸው።

በዚህ ጭፈራ መካከል ግን የቋንቋው አጻጻፍ በድንገት ይለወጥና አራት መቶ ዓመት ያለፈው የጥንት እንግሊዝኛ ይሰማል። ይህ ቃል ሰር ቶማስ ኤሊዮት የሚባል ባለማዕርግ በ1531 ካሳተመው የመሳፍንትን ልጆች ስለ ማስተማር ከሚናገር መጽሐፍ የተወሰደ ነው፤ የወንድና የሴት ጭፈራ የጋብቻ ምሳሌ መሆኑን ይገልጻል። የዚህ ባለማዕርግ አያት የኢስት ኮከር ሰው ነበረ። በእንግሊዞች ዘንድ የቤት ስም ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ስለሚሻገር (በእኛ ዘንድ በሦስተኛው ትውልድ እንደሚቀየረው አይደለም)፥ ባለቅኔው የስሙን ሞክሼ በማግኘቱ ደስ እንዳለው ይታያል። ነገር ግን የአጥቢያው መዝገብ በ1538 የታዘደ መሆኑን አይተናል፤ የባለማዕርጉ አያት ከዚያ በፊት የነበረ ነውና ስሙ በመዝገብ አይገኝም። እንግዲህ ኤሊዮት ከሁሉ አስቀድሞ ያነሣው አያት ከመዝገብ ያገኘውን ሳይሆን ከመጻሕፍት ቤት ያገኘውን ነው።

ከመንደሩ የወጣው ሰው ሌላ ነው። እርሱም አንድሩ ኤሊዮት የሚባል ጫማ ሰፊ ነበረ፤ በ1660ዎቹ መጨረሻ ገደማ ባሕሩን ተሻግሮ በማሳቹሴትስ ተቀመጠ፤ በኋላም በቤቨርሊ ከተማ የከተማው መዝገብ ጸሐፊ ሆነ። በመዝገብ ተጽፎ የወጣ ሰው መዝገብ ያዥ ሆነ ማለት ነው። ባለቅኔው የተወለደው ከዚህ ሰው ዘር ነው። በግጥሙ ውስጥ ግን ስለ እርሱ አንድ ቃል አይገኝም።

ይህን መዘለል ቀላል ነገር እንዳናደርገው የሚከለክለን አንድ ሌላ ታሪክ አለ። በ1692 በዚያው በማሳቹሴትስ፥ በሳሌም፥ ብዙ ሰዎች ጠንቋዮች ናችሁ ተብለው ተከሰሱ፤ 19 ሰዎች በገመድ ተሰቅለው ሞቱ፤ አንድ ሽማግሌም ድንጋይ ተጭኖበት ሞተ። ከፈረዱት 12 ሽማግሌዎች አንዱ አንድሩ ኤሊዮት ነበረ። ከጥቂት ዓመት በኋላ እነዚህ 12 ሰዎች በፊርማቸው አንድ የንስሐ ቃል አወጡ፤ የጨለማውን ኃይል ማስተዋልና መቋቋም እንዳልቻሉ፥ የንጹሓንን ደም በራሳቸውና በሕዝቡ ላይ እንዳመጡ እንደሚፈሩ ተናግረው እግዚአብሔርንም የሞቱትን ዘመዶችም ይቅርታ ለመኑ። የአንድሩ ኤሊዮት ስም ከዚህ ወረቀት በታች ይገኛል።

የግጥሙ ሦስተኛ ክፍል ስለ ጨለማ መሆኑን፥ አራተኛው ክፍል ደግሞ ሕማም ሆኖ በስቅለት ዓርብ የሚያልቅ መሆኑን ያነበበ ሰው ምን ማለታችን እንደ ሆነ ይገባዋል። ባለቅኔው ስለ ጨለማ ሊናገር ብዙ ደክሟል፤ ወደ ከዋክብት መካከል ወጥቷል፥ ወደ ቴያትር ቤትም ገብቷል፥ ከሆስፒታልም ምሳሌ ፈልጓል። የገዛ አባቱ ግን በፊርማው አረጋግጦ የተወለት ጨለማና ንስሐ በቤቱ ሣጥን ውስጥ ነበረ። ባለማዕርጉን አንሥቶ ጫማ ሰፊውን ትቷል፤ ይህን እንደ ጉድለት እንቈጥረዋለን። ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታችንን ትውልድ ሲቈጥር ትዕማርንና ረዓብን፥ የኦርዮንም ሚስት አልሸሸገም። ስለ ጋብቻ ጭፈራ የተናገረው የባለማዕርጉ ቃል ውብ ነው፤ ነገር ግን ለዚህ ግጥም ማንኛውም መጽሐፍ ሊያበድረው የሚችል ጌጥ ነው። የጫማ ሰፊውን ፊርማ ግን ከዚህ ባለቅኔ በቀር ማንም ሊያነሣው የሚገባ አልነበረም።

እንዲህ ስንል ባለቅኔው በዘሩ ተመክቷል ማለታችን አይደለም። በሁለተኛው ክፍል የሽማግሌዎችን ጥበብ ንቆ ትሕትናን ብቻ ያስቀራል፤ በአምስተኛውም ሃያ ዓመት የደከመበትን የገዛ ቅኔውን እንደ ተሸነፈ ሰው ሆኖ ይነቅፋል። ትምክሕተኛ ሰው እንዲህ አይጽፍም። ደግሞ «ኢስት ኮከር» ለብቻው መነበብ የለበትም። በመጨረሻው ግጥሙ ፊቱን ወደ ሰፊው ባሕር ያዞራል፤ በ1941 የወጣው ተከታዩ ግጥም «ድራይ ሳልቬጅስ» ስሙን የወሰደው በማሳቹሴትስ በኬፕ አን ፊት ለፊት በባሕር ውስጥ ከቆሙት አለቶች ነው፤ ቤቨርሊ ከዚያ ሩቅ አይደለችም። የጫማ ሰፊው ጕዞ እንግዲህ የተጻፈው በቃል አይደለም፤ በሁለቱ ግጥሞች መካከል ባለው ባዶ ወረቀት ላይ ነው። ለባለቅኔው ልንከራከርለት ብንወድ በዚህ በኩል ነው፤ ሆኖም በባዶ ወረቀት ላይ ንስሐ ሊነበብ አይችልም።

ኤሊዮት በጥር ወር 1965 በሎንዶን ሞተ። አመዱ ራሱ በፈቀደው መሠረት ወደ ኢስት ኮከር ተወስዶ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዐረፈ። ሦስት መቶ ዓመት ገደማ የጐደለው የኤሊዮት ቀብር በዚያ መንደር የተሞላው በዚህ ነው። በግድግዳው ላይ የግጥሙ መጀመሪያና መጨረሻ ቃል ተቀርጿል፤ ከዚያም ጋር ወደ ውስጥ የገባ ሁሉ ስለ ቶማስ ስተርንስ ኤሊዮት ነፍስ እንዲጸልይ የሚለምን ጽሑፍ አለ። ለሙታን የሚደረገውን ጸሎት ሥርዓት የሌለው ልማድ ነው ይሉ በነበሩት በማሳቹሴትስ ሰዎች መካከል ኖሮ የሞተው አንድሩ ኤሊዮት ይህን ጽሑፍ ቢያነብ ኖሮ፥ የልጅ ልጁን ምን ብሎ እንደሚገሥጸው መገመት አያስቸግርም።