«ዕጢ» ወይስ «ቡቃያ»? ስለ አንድ የሕፃናት ሕመም አሰያየም

በጨቅላ ሕፃናት ቆዳ ላይ፣ ከልደት በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብቅ ብሎ በፍጥነት የሚያድገውን የደም ሥር እብጠት ሐኪሞች «ሄማንጂዮማ» ይሉታል። በአማርኛ ሦስት ዓይነት አጠራር ይሰማል፤ እነርሱም «የደም ሥር ዕጢ» የሚለው የትርጉም ቃል፣ «ማርያም የሳመችው» የሚለው የሕዝብ አነጋገር፣ እንዲሁም እንዳለ የተወሰደው የባዕድ ቃል ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን በየተራ ከመረመርን በኋላ አንድ አማራጭ ለውይይት እናቀርባለን።

ስያሜውን ከመመዘን በፊት ተሰያሚውን ማወቅ ይገባል። እብጠቱ የሚፈጠረው የደም ሥርን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍኑት ሕዋሳት ከልክ በላይ ሲራቡ ነው። ዋናው ዕድገቱ እስከ 5ኛው ወር ገደማ ያበቃል፤ ከ1 ዓመት ወዲያ እየከሰመ ይሄዳል፤ አብዛኛውም በ4 ዓመት ውስጥ መክሰሙን ይፈጽማል። በሴቶች ሕፃናትና ያለ ጊዜያቸው በተወለዱት ላይ ይበዛል። ካንሰር አይደለም። ይሁን እንጂ በዓይን አጠገብ ሲወጣ እይታን፣ በአየር ቧንቧ ውስጥ ሲሆን ትንፋሽን ያውካል፤ በከንፈር ላይ ሲሆን ሊቆስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በፈረንሳይ አገር የቦርዶ ከተማ ሐኪሞች ፕሮፕራኖሎል የተባለው የልብና የደም ግፊት መድኃኒት እብጠቱን እንደሚያሟሽሽ ካስታወቁ ወዲህ የሕክምናው መንገድ ተለውጧል። ነገር ግን መድኃኒቱ ይበልጥ የሚጠቅመው እብጠቱ በማደግ ላይ ሳለ ሲጀመር ነው። ስለዚህ ከስያሜው ሁለት ነገር እንጠብቃለን፤ ያለ ምክንያት እንዳያስደነግጥ፣ ያለ ምክንያትም እንዳያዘናጋ።

«የደም ሥር ዕጢ» የመጀመሪያውን ፈተና አያልፍም። «ዕጢ» በሕክምና ጽሑፎቻችን ሁለት ሥራ ደርቦ ይዟል፤ በአንድ በኩል እንደ ታይሮይድና እንደ ፕሮስቴት ያለውን የተፈጥሮ አካል፣ በሌላ በኩል ከተፈጥሮ ውጭ የሆነውን እድገት ይጠራል። በተራው ሰው ጆሮ ግን ሁለተኛው ፍች ከካንሰር ጋር ተቆራኝቷል። ይህን ለማለዘብ «አደገኛ ያልሆነ» የሚል ቅጽል ይታከልበታል። ቅጽሉም ራሱ ችግር አለበት፤ በዓይን ቆብ ላይ የወጣ እብጠት ካንሰር ባይሆንም አደገኛ ነውና። «ነቀርሳ ያልሆነ» ማለትም አይሻልም፤ «ነቀርሳ» ካንሰርንም የሳንባ በሽታንም ሲጠራ የኖረ ቃል ነው። እዚህ ላይ ግልጹ አነጋገር «ካንሰር ያልሆነ» የሚለው ብቻ ይመስለናል።

«ማርያም የሳመችው» በተቃራኒው በኩል ይስታል። አነጋገሩ ውብ ነው፤ ምልክት ያለበትን ልጅ ከነውር አድኖ ወደ ክብር ያሻግረዋል። ስለዚህ ከዕለት ንግግር ይውጣ የሚል አሳብ የለንም። የሙያ ቃል እንዳይሆን የሚከለክሉት ግን ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የሰዋስው ነው፤ ሐረጉ የአንቀጽ መልክ ስላለው አይበዛም፣ ቅጽል አይቀበልም፣ በመዝገበ ቃላት ራስ ቃል ሆኖ ለመቆም አይመችም። ሁለተኛው የፍች ነው፤ ሐረጉ ከልደት ጀምሮ ያለውን፣ የማያድገውንና የማይጠፋውን የቆዳ ምልክት ሁሉ ያጠቃልላል። የእኛ እብጠት ግን ከልደት በኋላ ይመጣል፣ ያድጋል፣ ይከስማል።

የሁለቱን ስሕተት ክብደት ለማየት ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከአምበር ከተማ የ2 ወር ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ሐኪም የሄደችን አንዲት እናት በአሳባችን እንሣል። «ዕጢ ነው» ብትባል፣ በራሱ ሊከስም የሚችለው እብጠት እንዲቆረጥላት ትለምናለች። ጎረቤቶቿ «ማርያም የሳመቻት ናት፣ ተይው» ቢሏት ደግሞ፣ እብጠቱ በዓይን አጠገብ ቢሆን እንኳ ሕክምናው ይበልጥ የሚረዳባቸው ወራት እቤቷ ሳለች ያልፋሉ። በሁለቱም መንገድ ዋጋውን የምትከፍለው ሕፃኗ ናት።

«ሄማንጂዮማን እንዳለ እንውሰደው» የሚሉ ወገኖች የቃሉን ዓለም አቀፍነት ይጠቅሳሉ። በሐኪምና በሐኪም መካከል ሲሆን እንስማማለን። ይሁን እንጂ ቃሉ በትውልድ አገሩም ንጹሕ አልነበረም። «ደም»፣ «ዕቃ» እና «እብጠት» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተበጀው ይህ ስም፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሚያድገውንም የማያድገውንም የደም ሥር ጉድለት በአንድነት ሲጠራ ቆይቷል። ጆን ሙሊከን እና ጁሊ ግሎዋኪ እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለቱን ለዩ፤ አንዱ ሕዋሳት የሚራቡበት እድገት፣ ሌላው የአፈጣጠር ግድፈት ነው አሉ። ዛሬም በአዋቂ ሰው ጉበት ላይ የሚታየው፣ ብዙዎች ከግድፈት ወገን የሚመድቡት ጉድለት በዚያው ስም ይጠራል። ስለዚህ ቃሉን በጥሬው መተርጎም የሌላውን ቋንቋ የቆየ መደባለቅ ወደ ቤታችን ማስገባት ነው። በቅርጹ ምክንያት «የእንጆሪ ምልክት» የሚለውን መተርጎምም እንዲሁ አይረዳም፤ ደገኛው የሚያውቀው እንጆሪ ሲበስል የሚጠቁር የዱር ፍሬ ነው፤ ከቆዳ ሥር ጠልቆ የሚያድገው እብጠት ደግሞ ጨርሶ ፍሬ አይመስልም።

እኛ ለውይይት የምናቀርበው «የጨቅላ ደም ሥር ቡቃያ» የሚለውን ነው። «ቡቃያ» አዲስ ብቅ ያለና በማደግ ላይ ያለ ነገር መሆኑን ያስታውቃል፤ አያስደነግጥም፤ ነገር ግን የሚጠበቅና የሚታይ ነገር መሆኑን ይናገራል። «ደም ሥር» ደም ወሳጁንና ደም መላሹን ሳይለይ የሚጠራ በመሆኑ እዚህ ላይ ስፋቱ ጠቃሚ ነው። «ጨቅላ» ደግሞ በአዋቂ ጉበት ላይ ከሚገኘው ይለየዋል። የማያድገውን «የደም ሥር የአፈጣጠር ግድፈት» ብንለው ሁለቱ አይምታቱም።

ተቃውሞ እንደሚኖር እናውቃለን። ለአንድ የአምበር ገበሬ ቡቃያ የሚመኙት ነገር እንጂ ሕመም አይደለም። «ከሳሚ» የሚል ቅጽል ለመጨመርም አስበን ነበር፤ ሆኖም ቅጽሉ እናቲቱን «ይጠፋል» ብሎ መልሶ ያዘናጋታልና ከስያሜው አውጥተን በፍቺው ውስጥ ማስገባትን መርጠናል። ፍቺው እንዲህ ይሁን እንላለን፦

የጨቅላ ደም ሥር ቡቃያ (ስም)፦ ከልደት በኋላ ባሉት ሳምንታት በሕፃን ቆዳ ላይ ወይም በውስጥ አካል የሚወጣ፣ ለጥቂት ወራት አድጎ ቀስ በቀስ የሚከስም፣ ካንሰር ያልሆነ የደም ሥር እድገት፤ በዓይን፣ በአፍንጫ፣ በከንፈር ወይም በአየር ቧንቧ ሲሆን ሳይዘገይ በሐኪም የሚታይ።

ይህ የመጨረሻው ሐረግ ለመዝገበ ቃላት ረዘመ የሚል ቢኖር፣ ፍቺውን ቀድመው የሚጠቀሙበት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለእነርሱ በራሪ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተርጓሚዎች መሆናቸውን እናሳስባለን። የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ቢያቀርብ የእኛን ለመተው አንሣሣም፤ የቀረበውም ቃል ቢሆን በእነዚያው በሁለቱ መመዘኛዎች፣ ባለማስደንገጥና ባለማዘናጋት፣ እንዲፈተን እንጠይቃለን።