ስሙን ሳያውቁ መላክ

አፍ ውስጥ የሚወጣ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም አያሻውም። ተራው የአፍ ቁስለት በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ራሱ ይሽራል። ምች መታኝ የሚለውም ሰው ዳማከሴ ጨምቆ ቢቀባም ባይቀባም፣ ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረው ነገር በአሥር ቀን ገደማ ደርቆ ይወድቃል። ያልተለመደ የአፍ በሽታ የሚያሳስተውም ስለዚህ ነው፤ ሲጀምር በራሱ የሚድነውን መስሎ ይመጣል። ትምህርት ቤት ለዚህ የሚያስታጥቀን በአመዛኙ ስም ነው፤ ፔምፊገስ፣ ላይከን ፕላነስ፣ ሊዩኮፕላኪያ እያለ ተማሪው ሥዕል አይቶ ስም እንዲጠራ ይፈተናል። እኔ ግን በጤና ጣቢያም ሆነ በከተማ ክሊኒክ ታማሚውን መጀመሪያ ለሚያየው ባለሙያ ስሙ ቀዳሚ ጉዳይ አይደለም እላለሁ። ቀዳሚው፣ ይህ ነገር የተለመደውን ጉዞ እየሄደ ነው ወይስ ከመንገዱ ወጥቷል የሚለው ነው። ይህን የሚነግረን ደግሞ ከሁሉም በላይ ጊዜ ነው።

ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል ይላክ የሚባለው ከዚሁ የተነሣ ነው። ሁለቱን ሳምንት ግን ዝም ብሎ መጠበቅ አይገባም። ምላሱ ጎን ላይ የቆሰለ ሰው ሲመጣ አጠገቡ ያለው የተሰበረ ጥርስ ስለቱ ተሞርዶ ይለሰልሳል፣ ቁስሉ በሚሊሜትር ተለክቶ ይመዘገባል፣ የቀጠሮው ቀን ይቆረጣል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ ይወልቃል። የምላሱን ጫፍ በጎዝ ይዞ ወደ ውጭና ወደ ጎን ሳብ ማድረግም ግድ ነው፤ የምላስ ካንሰር የሚያዘወትረው የጎኑን የኋላ ክፍል ስለሆነ አፍ በማስከፈት ብቻ አይታይም። ከዚያ ጣት ይከተላል። ተራው ቁስል ሲነካ ለስላሳ ነው፣ ያማልም። ካንሰር ግን ጠርዙ ይጠነክራል፣ ከሥሩ ጋር የተጣበቀ ይመስላል፣ መጀመሪያ ላይም ብዙ ጊዜ አያምም። ታማሚውንም ባለሙያውንም የሚያዘናጋው ይኸው አለማመሙ ነው። ጠርዙ ደንድኖ ወይም አንገት ላይ ጠንካራ እብጠት ተዳብሶ ከተገኘ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ታማሚው የዚያኑ ዕለት ይላካል።

ሕፃናት ላይ ደግሞ የጊዜው ልክ ጭራሽ ይለወጣል። ኖማ የሚጀምረው ከድድ ነው። በአብዛኛው ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያለ፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ፣ ምናልባትም ከኩፍኝ ወይም ከወባ ገና ያገገመ ልጅ ድዱ ይደማል፣ ይቆስላል፣ አፉ ክፉኛ ይሸታል። ቀጥሎ ጉንጩ ያብጣል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሥጋው ጠቁሮ ይበሰብሳል። ካልታከመ እስከ 90 በመቶ የሚሆኑትን ይገድላል፤ የተረፈውም ፊቱ ተበልቶ፣ መንጋጋው ተቆልፎ ይኖራል። በድድ ደረጃ ላይ ሳለ ግን አንቲባዮቲክ፣ የአፍ እጥበትና በቂ ምግብ ያድነዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ካጡ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በታኅሣሥ 2023 እንደ አውሮፓውያኑ ነው፤ ዘግይቷል። ዴኒስ በርኪት በ1958 ከኡጋንዳ የገለጸው የመንጋጋ እብጠትም እንዲሁ አይጠብቅም። የልጁ መንጋጋ ጥርሶች ይነቃነቃሉ፤ ጥርስ ነው ተብሎ ይነቀላል፤ እብጠቱ ግን በዓለም ፈጥነው ከሚያድጉ ካንሰሮች አንዱ ሆኖ ሳለ በመድኃኒትም በደንብ የሚድን ነው። ጉንጩ ያበጠ ልጅ ፊት ቆሞ ኖማ ነው ወይስ በርኪት እያሉ መከራከር የልጁን ቀናት መብላት ነው፤ የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ሰጥቶ ወዲያው መላክ ይገባል።

ስም ሳይታወቅ የሚላከው ሰው ትልልቆቹን ሆስፒታሎች አያጨናንቅም ወይ የሚል ይኖራል። ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ብቻ እንደነበር እናውቃለን። ነገር ግን ሳያውቁ መላክና ሳይመረምሩ መላክ ለየቅል ናቸው። ስለቱን ሞርዶ፣ ለክቶ፣ ቀጥሮ ያየ ባለሙያ አብዛኛውን ሰው እዚያው አድኖ ይሸኛል። ከገጠር በግ ሸጦ የሚመጣው ታማሚ ወጪም ቢሆን ሲዘገይ ይብሳል፤ በጊዜ የተደረሰበት ትንሽ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ብቻ ሊወገድ ሲችል፣ የቆየው መንጋጋ ማስቆረጥንና የሳምንታት ጨረርን ይጠይቃል። ከዚህ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፦ መጀመሪያ አሞክሲሲሊን እንሞክር የሚለው። ምክንያታዊ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን መድኃኒቱ የሠራ መምሰሉ ነው። በካንሰሩ ላይ የተደረበው ኢንፌክሽን ይቀንሳል፣ ሕመሙ ይታገሣል፣ ታማሚው ተሽሎኛል ብሎ ለወራት ይጠፋል። በፔምፊገስ ደግሞ በዘፈቀደ የታዘዘ ስቴሮይድ ቁስሉን ለጊዜው ጋብ ያደርግና የናሙናውን ምርመራ ያደናግራል። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ቆዳ ላይ ከመውጣቱ ወራት አስቀድሞ አፍ ውስጥ ይጀምራል፤ ኮርቲዞን ከመምጣቱ በፊት አብዛኞቹን ታማሚዎች ይገድል ነበር።

እንግዲህ ስሙን የማያውቅ ሰው ምን ይጽፋል? በሪፈር ወረቀታችን ላይ “ለተሻለ ሕክምና” የምትለው ሐረግ ብቻዋን ስትቆም አዝናለሁ፤ ተቀባዩን ከዜሮ ታስጀምረዋለች። ቁስሉ መቼ እንደጀመረ፣ የት እንዳለ፣ ስፋቱ በመጀመሪያው ቀንና በቀጠሮው ቀን ምን ያህል እንደነበር፣ ጠርዙ ለስላሳ ይሁን ደንዳና፣ ምን ተሰጥቶት ምን እንደተለወጠ፣ ጫት ወይም ትምባሆ ይጠቀም እንደሆነ፣ የኤችአይቪ ምርመራው፤ ይህ ሁሉ ስድስት መስመር አይሞላም። ቁስሉን ሙሉ በሙሉ ቆርጦ አውጥቶ መላክ አይገባም፤ ቀዶ ሐኪሙ ድንበሩን የት እንደሚያደርግ ያጣል። ናሙና የሚወስደውም የሞተውን መሐል ትቶ ከጠርዙ ይወስዳል፤ ፔምፊገስ ከተጠረጠረ ከቁስሉ ወጣ ካለ ጤነኛ ከሚመስል ቦታ አንድ ተጨማሪ ቁራጭ ፎርማሊን ሳይነካው ይላካል፣ ፎርማሊን የገባ ናሙና ለፍሎረሰንስ ምርመራ አይሆንምና። ከሆስፒታሉ የምንጠብቀውም አለ። ለግብረ መልስ የተተወው ቦታ ባዶውን እየተመለሰ፣ አንዳንዴም ወረቀቱ ጭራሽ ሳይመለስ፣ ላኪው የላከው ሰው ምን እንደነበረበት ሳያውቅ ይቀራል። የፓቶሎጂው ውጤት በአንድ መስመር ቢጻፍለት፣ ስሙንም የሚማረው በዓይኑ ካየውና በጣቱ ከዳሰሰው ቁስል ጋር አያይዞ ነው።