የሙስታንግ የኋላ እግር

ፎርድ ሙስታንግ በ1964 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ ከኋላ የተሸከመው፣ እንደ ጭነት መኪና፣ ድፍን አክስልና ባሌስትራ ነበር። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ለሚፈተለክ ሰው ይህ ምንም አይጎድለውም፤ ጠንካራና ርካሽ ነው፣ የሞተሩንም ጉልበት ችሎ አስፋልቱ ላይ ያሳርፋል።

መከራው ኩርባ ላይ ነው።

ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የያዘው አንድ ብረት ስለሆነ፣ አንደኛው ጉብታ ሲረግጥ ሌላውም ያዘነብላል። ከባዱ አክስል ዲፈረንሻሉን ይዞ ሲዘል ጎማው ከመሬት ይላቀቃል፤ የመኪናዋም ጀርባ መደነስ ይጀምራል። እንዲያም ሆኖ ቦስ 302 የተባለው ሙስታንግ በዚሁ ባሌስትራ የ1970ውን የትራንስ አም የመኪና ውድድር ሻምፒዮና ለፎርድ አስገኝቷል!

በ1979 ባሌስትራው ለጥቅል ሞላ ቦታውን ለቀቀ። በ2005 ደግሞ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ከቦዲው ጋር የሚያስር አንድ አግድም ዘንግ ተጨመረ። ቀላል መላ ናት፤ ግን የ2012ቱ ቦስ 302 በእሷ ተማምኖ ነው ቢኤምደብሊው ኤም 3ን ለመገዳደር የተነሳው።

ከ2015 ጀምሮ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ለብቻው ይንቀሳቀሳል፤ ሙስታንግም ሻካራ ኩርባ ላይ ተረጋጋ። ለድራግ ውድድር ብቻ በሚሠራው ኮብራ ጄት በተባለው ሙስታንግ ላይ ግን ፎርድ ድፍኑን አክስል አልተወውም።